ዲኤንኤን ከአንቲቦዲ ጋር አጣምሮ ባዮሴንሰር መሥራት ምን ጥቅም አለው?

ጥያቄ፦ «ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ በደም ውስጥ እጅግ በጥቂቱ የሚገኝን የበሽታ ጠቋሚ ፕሮቲን የሚለይ ባዮሴንሰር፣ ማለትም በሕይወታዊ ሞለኪውሎች የሚሠራ መለያ መሣሪያ፣ ለመሥራት አስቤያለሁ። አማካሪዬ አንቲቦዲን ከዲኤንኤ ጋር እንዳጣምር መክረውኛል። ይሁን እንጂ አንቲቦዲ ለብቻው ፕሮቲንን ይለያል፤ ዲኤንኤን የሚያባዛው ፒሲአርም ለብቻው የጀርሙን ዘረመል ያገኛል። ሁለቱን ማጣመር ሥራውን ከማወሳሰብ በቀር ምን ይጨምራል? ከየትኛው ዘዴስ ብጀምር ይሻላል?»

ምላሽ፦ ሁለቱ ሞለኪውሎች አንዱ የሌላው ምትክ ሳይሆኑ የተለያየ ሥራ የሚሠሩ መሆናቸውን ካየን የጥያቄዎ ግማሽ ይመለሳል። አንቲቦዲ ዋና ችሎታው መለየት ነው፤ በሴረም (ከረጋ ደም በሚለየው ፈሳሽ) ውስጥ ካሉት እጅግ ብዙ ፕሮቲኖች መካከል የራሱን አንቲጅን፣ ማለትም የሚይዘውን ኢላማ፣ በቅርጹና በኬሚካዊ ጠባዩ አውቆ ይይዛል። ከያዘ በኋላ ግን መያዙን የሚያሳውቅ ነገር ካልተያያዘበት በስተቀር መሣሪያ ሊያነበው የሚችል ምልክት አይሰጥም። ዲኤንኤ በበኩሉ፣ አፕታመር የሚባሉትን ልዩ ቁራጮች ወደ ጎን ከተውን፣ ፕሮቲንን የመለየት ችሎታ የለውም፤ ነገር ግን አንቲቦዲ የሌሉት ሦስት ጠባዮች አሉት። በኢንዛይም ሊባዛ ይችላል፤ ቅደም ተከተሉ በተፈለገው መንገድ ታዝዞ ሊሠራ ይችላል፤ ጥንድ ሰንሰለቱ በእያንዳንዱ የቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ጥንድ 0.34 ናኖሜትር ስለሚረዝም ርቀትን አስልቶ ለማስቀመጥም ያገለግላል። ሦስተኛው ጠባይ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ በእኔ ግምት ግን ከሦስቱም ዋናው እርሱ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ፒሲአር ለብቻው ለምን አይበቃም?» ለሚለው መልሱ በሽታው ራሱ የሚወስነው ነው። ጀርሙ በናሙናው ውስጥ ካለ ዘረመሉን መፈለግ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሰው ትሮፖኒን ግን ፕሮቲን ነው፤ የታማሚው ዘረመል ከጉዳቱ በፊትም በኋላም ያው ስለሆነ ፒሲአር የሚፈልገው ለውጥ የለም። አንድ ሰው ቀደም ሲል በአንድ ተላላፊ በሽታ ተይዞ እንደነበረ የሚመሰክሩት በደሙ ውስጥ የቀሩት አንቲቦዲዎችም ፕሮቲኖች ናቸው፤ ጀርሙ ከሰውነቱ ከጠፋ በኋላ የሚባዛ ዘረመል አይገኝም። ፕሮቲን ደግሞ እንደ ዲኤንኤ ራሱን በሚያባዛ ኢንዛይም ሊበዛ አይችልም። እንግዲህ የማይባዛውን ፕሮቲን በሚባዛ ነገር መወከል ካልተቻለ በስተቀር በናሙናው ውስጥ ባለው ጥቂት ቁጥር ብቻ መሥራት ግድ ይሆናል።

ቁጥሩ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ እናስላ። በ100 ማይክሮሊትር ናሙና ውስጥ የአንድ ፕሮቲን ክምችት 1 ፌምቶሞላር (በሊትር 10⁻¹⁵ ሞል) ቢሆን፣ በዚያ ጠብታ ውስጥ የሚኖሩት ሞለኪውሎች 60,000 ያህል ናቸው፤ ክምችቱ 1 አቶሞላር (የፌምቶሞላር አንድ ሺህኛ) ቢሆን ደግሞ 60 ብቻ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 የተዋወቀውና እስከ ዛሬ በየቤተ ሙከራው የሚሠራበት ኢላይዛ የተባለው የአንቲቦዲ ምርመራ፣ በአንቲቦዲው ላይ የተያያዘው ኢንዛይም ቀለም እስኪያወጣ ድረስ ስለሚጠብቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፒኮሞላር (የፌምቶሞላር ሺህ እጥፍ) አካባቢ ወደ ታች መውረድ ይከብደዋል። እርስዎ ያሰቡት ፕሮቲን ከዚህ በላይ በሆነ ክምችት የሚገኝ ከሆነ ኢላይዛ ይበቃዎታልና ዲኤንኤ አያስፈልግዎትም። ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ወደ ጥምር ባዮሴንሰር የሚገቡ ሥራዎችን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት የፕሮቲኑ ክምችት በጤነኛ ሰውና በታማሚ ደም ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ ያጣሩ።

ጥምረቱ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1992 ሳኖ፣ ስሚዝና ካንተር ኢሚዩኖ-ፒሲአር ብለው ባቀረቡት ዘዴ ነው። አሠራሩ በመሠረቱ ኢላይዛ ነው፤ ልዩነቱ በአንቲቦዲው ላይ በኢንዛይም ፋንታ የዲኤንኤ ቁራጭ መያያዙ ነው። ያልተያያዘው ታጥቦ ከወጣ በኋላ የቀረውን ዲኤንኤ ፒሲአር ያባዛዋል። ቁራጩ በየዙሩ በእጥፍ ስለሚያድግ ከ20 ዙር በኋላ አንዱ ወደ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ይደርሳል። አዘጋጆቹ በዚያ ሙከራ 580 የአንቲጅን ሞለኪውሎችን እስከ መለየት መድረሳቸውን ዘግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የተመራማሪው የሚርኪን ቡድን ሌላ መንገድ አሳየ፤ አንደኛው አንቲቦዲ በማግኔታዊ ቅንጣት ላይ፣ ሁለተኛው ደግሞ በርካታ የዲኤንኤ ቁራጮችን በተሸከመ የወርቅ ናኖ ቅንጣት ላይ ተቀምጦ፣ ፕሮቲኑ ሁለቱን ቅንጣቶች ሲያገናኛቸው በማግኔት ተስቦ የተለየው የዲኤንኤ ጭነት ይራገፍና ይቆጠራል። የፕሮስቴት ጠቋሚ የሆነውን ፒኤስኤ በአቶሞላር ደረጃ ለመለየት የበቃው ይህ ዘዴ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ ጥቅሙ ማባዛቱ ነው ብሎ ይደመድማል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ለምን እንደማልስማማም በዝርዝር ላስረዳ። የአንድ ባዮሴንሰር ዝቅተኛ የመለየት ወሰን የሚሰላው አንቲጅን ከሌለበት ባዶ ናሙና ነው፦ የባዶው ናሙና አማካይ ምልክት ተወስዶ የመለዋወጡ መጠን፣ ማለትም የስታንዳርድ ዲቪየሽኑ፣ ሦስት እጥፍ ይደመርበታል። ምርመራው በሚካሄድበት ባለ ጉድጓድ ፕሌት ግድግዳ ላይ ያለ ምንም አንቲጅን የተለጠፈ አንቲቦዲ ካለ፣ የተሸከመው ዲኤንኤም አብሮት ቀርቷል፤ ፒሲአር ደግሞ በትክክል የተያዘውንና በስሕተት የተለጠፈውን አይለይም፤ ሁለቱንም እኩል ያባዛል። ስለዚህ ማባዛቱ መሣሪያው ሊያነበው ያልቻለውን ምልክት እንዲያነበው ይረዳል እንጂ፣ እውነተኛውን ምልክት ከሐሰተኛው አይለይም። ባዶው ናሙና ከፍተኛና ተለዋዋጭ ከሆነ፣ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ቢባዛም የመለየት ወሰኑ ካለበት ፈቅ አይልም። ኢሚዩኖ-ፒሲአር በጽሑፍ ላይ የሚያስደንቅ ሆኖ ሳለ በክሊኒክ ኢላይዛን ያልተካበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ከቀን ወደ ቀን የሚለዋወጥን የባዶ ናሙና ምልክት በእጥበት ብቻ ማረጋጋት ያስቸግራል።

እውነተኛው ጥቅም የሚገኘው ዲኤንኤው ምልክት እንዲሰጥ ሁለት የመለየት ክንውኖች አንድ ላይ መፈጸማቸው ግዴታ ሲሆን ነው። በስዊድን የኡፕሳላው የላንደግሬን የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረበው የቅርርብ ላይጌሽን የሚባል ዘዴ ይህን ሐሳብ ወደ ተግባር አወረደው። የመጀመሪያው ሙከራ በአፕታመሮች የተሠራ ሲሆን ወዲያው በአንቲቦዲዎች ተተክቷል። ሁለት አንቲቦዲዎች የአንዱን ፕሮቲን ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይይዛሉ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ነጠላ የዲኤንኤ ሰንሰለት ተሸክመዋል። ሁለቱም በአንድ ፕሮቲን ላይ ሲቀመጡ የሰንሰለቶቹ ጫፎች ይቀራረባሉ፤ ሁለቱንም የሚያጣምር አጭር የድልድይ ሰንሰለት ሲጨመር ሊጌዝ የተባለው ኢንዛይም ጫፎቹን ይሰፋቸዋል፤ ፒሲአር የሚያባዛው ደግሞ የተሰፋውን ብቻ ነው። አንዱ አንቲቦዲ ለብቻው በሌላ ፕሮቲን ላይ ወይም በፕሌቱ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ጎረቤት ስለሌለው ዝም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የቅርርብ ማራዘም ዘዴ ሊጌዙን ትቶ የሁለቱን ሰንሰለቶች ጫፎች ራሳቸውን ተጓዳኝ አደረጋቸው፤ ጫፎቹ ሲጣመሩ ፖሊመሬዝ የተባለው ዲኤንኤ ገንቢ ኢንዛይም አንዱን በሌላው ላይ ተንተርሶ ያራዝመዋል፤ የሚነበበውም በዚህ መንገድ የተፈጠረው አዲስ ሰንሰለት ነው።

ይህ የሚሠራው ለምን እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። ነጻ ሆነው በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉት አንቲቦዲዎች ክምችት 1 ናኖሞላር ነው እንበል። ሁለት ሰንሰለቶች በአንድ ፕሮቲን ላይ ተይዘው በ10 ናኖሜትር ራዲየስ ውስጥ ሲታሰሩ፣ አንዱ ሌላውን የሚያገኝበት አካባቢያዊ ክምችት ወደ 0.4 ሚሊሞላር ይደርሳል፤ ይህ ከነጻው ክምችት 400,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ በ1 ናኖሞላር ሲሆን ፈጽሞ የማይጸና፣ በ0.4 ሚሊሞላር ሲሆን ግን የሚጸና አጭር ጥምረት መምረጥ ይቻላል። ብዙውን ጊዜ ይህ ከ6 እስከ 10 ቤዝ ባለው ርዝመት ውስጥ ይገኛል፤ ትክክለኛው ቁጥር በቅደም ተከተሉ፣ በጨው መጠኑና በሙቀቱ ይወሰናል። ረዥም ቢያደርጉት ጫፎቹ ፕሮቲን ሳይኖር ራሳቸው ተገናኝተው የባዶውን ናሙና ምልክት ከፍ ያደርጉታል፤ አጭር ቢያደርጉት ፕሮቲን እያለም አይጣመሩም። ከዲኤንኤ ጠባዮች ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል ያልኩት ለዚህ ነው፤ ርቀትንና የጥምረትን ጥንካሬ ቤዝ በቤዝ እየለኩ ማስተካከል የሚያስችል ሌላ ሞለኪውል እምብዛም የለም።

ብዙ ፕሮቲኖችን በአንድ ጊዜ ለመለካት ሲፈለግ ደግሞ ሁለተኛው ጠባይ፣ ቅደም ተከተሉ ታዝዞ መሠራቱ፣ ሌላ በረከት አለው። በተለመደው ኢላይዛ ብዙ የአንቲቦዲ ጥንዶችን በአንድ ጉድጓድ ውስጥ መቀላቀል አስቸጋሪ ነው፤ የአንዱ ፕሮቲን አንቲቦዲ በሌላው ላይ ሲለጠፍ የሚያሳስት ቀለም ይወጣልና። በቅርርብ ዘዴ ግን እያንዳንዱ ጥንድ የራሱ የሆነ የዲኤንኤ መለያ ስላለው፣ ጥንድ ያልሆኑ ሁለት አንቲቦዲዎች ቢገናኙ እንኳ የሚፈጥሩት ሰንሰለት በሚነበበው ዝርዝር ውስጥ አይቆጠርም። ከአንድ ጠብታ ፕላዝማ በርካታ ፕሮቲኖችን መለካት የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘዴው እንከን የለሽ ነው ማለቴ አይደለም። ፕሮቲኑ ከመጠን በላይ ሲበዛ አንደኛው አንቲቦዲ በአንድ ሞለኪውል፣ ሁለተኛው በሌላ ሞለኪውል ላይ ለየብቻ ስለሚቀመጡ ምልክቱ ከመጨመር ይልቅ ይቀንሳል፤ ከፍተኛ ክምችት ያለው ታማሚ ዝቅተኛ ውጤት ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። ለዚህ መፍትሔው እያንዳንዱን ናሙና ቢያንስ በሁለት የተለያየ መጠን አቅጥኖ መለካት ነው።

እስካሁን ያልኩት ፕሮቲንን ለመለየት ነው። የሚፈለገው በታማሚው ደም ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ሲሆን ግን የሁለቱ ሞለኪውሎች ቦታ ይገለበጣል፤ ይህ ክፍል ለእርስዎ ሥራ በቀጥታ ባያስፈልግም ሐሳቡ ውብ ስለሆነ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም። በራሱ ላይ ታጥፎ ግንድና ቀለበት የሚሠራ አንድ የዲኤንኤ ሰንሰለት ይወሰድና ጫፎቹ አጠገብ ሁለት የአንቲጅን ቅጂዎች ይያያዙበታል፤ በአንዱ ጫፍ የሚያበራ ሞለኪውል፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ ብርሃኑን የሚያጠፋ ሞለኪውል አለ። ሰንሰለቱ ታጥፎ ሳለ ብርሃን የለም። የዋይ ቅርጽ ያለው አይጂጂ የተባለው የአንቲቦዲ ዓይነት በሁለት ክንዶቹ ሁለቱን አንቲጅኖች ሲይዝ፣ የክንዶቹ ርቀት ግንዱን እንዲላቀቅ ያስገድደዋል፤ ብርሃኑም ይታያል። እጥበት የለም፣ ተጨማሪ ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) የለም፣ ውጤቱም በደቂቃዎች ይደርሳል። በኤሌክትሮድ ላይ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ ሜቲሊን ብሉ የተባለ ኤሌክትሮን የሚለዋወጥ ቀለም የተያያዘበት ሰንሰለት በወርቅ ላይ ከተተከለው ተጓዳኙ ጋር ሲጣመር የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ጅረት ይለካል፤ በሰንሰለቱ ላይ ያለውን አንቲጅን 150 ኪሎዳልተን የሚመዝን አንቲቦዲ ከያዘው፣ ግዙፍነቱ ሌሎቹ ሰንሰለቶች ወርቁ ላይ እንዳይደርሱ ስለሚያጨናንቃቸው ጅረቱ ይቀንሳል። ደም ቀለም ያለውና ደብዛዛ ፈሳሽ ስለሆነ ከብርሃን ይልቅ ጅረት መለካት ለሙሉ ደም ይመረጣል።

ሌሎች ጥምረቶችም አሉ፤ በአጭሩ ልለፋቸው። አንቲቦዲ በመስታወት ላይ በቀጥታ ሲለጠፍና ሲደርቅ ቅርጹ ሊበላሽ ይችላል፤ ዲኤንኤ ግን መድረቅን ስለሚችል አስቀድሞ በገጹ ላይ ይታተምና ተጓዳኝ ሰንሰለት የተሸከመው አንቲቦዲ በአገልግሎት ሰዓት ቦታው ላይ ራሱ ይሰለፋል። በዲኤንኤ ተጣጥፎ የተሠራ ባለ አራት ጫፍ ቅርጽ በሦስት እግሩ ወርቅ ላይ ቆሞ በአራተኛው ጫፍ አንቲቦዲውን ከፍ አድርጎ መያዝም ይችላል፤ ይህም በአንቲቦዲዎቹ መካከል ያለውን ርቀት እኩል ያደርገዋል። ከዚህ በተቃራኒ አንቲቦዲ ዲኤንኤን ለማንበብ የሚያገለግልበትም አለ፦ ለማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ የሚሠራበት ሃይብሪድ ካፕቸር የተባለው የኤችፒቪ ቫይረስ ምርመራ የሚይዘው የዲኤንኤና የአርኤንኤ ጥንድ የሆነውን ቅርጽ የሚያውቅ አንቲቦዲ ነው።

አሁን በሥራው ላይ በርግጥ ወደሚያስቸግረው ነገር እንምጣ፤ እርሱም ዲኤንኤውን ከአንቲቦዲው ጋር ማያያዝ ነው። ቀላሉ መንገድ በአንቲቦዲው ላይ በብዛት ያሉትን ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ቡድኖች መጠቀም ነው፤ ነገር ግን ላይሲን በሁሉም ቦታ ስለሚገኝ ዲኤንኤው አንቲጅን በሚያዝበት ጫፍ ላይ ተለጥፎ አንቲቦዲውን ሊያሳውረው ይችላል። በአንድ አንቲቦዲ ላይ በአማካይ አንድ ወይም ሁለት ሰንሰለት እንዲኖር ማድረግ ብዙ ከመጫን ይሻላል፤ ዲኤንኤ ኔጌቲቭ ቻርጁ ከፍተኛ ስለሆነ ሲበዛ አንቲቦዲው ባዕድ በሆኑ ገጾችና ፕሮቲኖች ላይ እንዲለጠፍ ያደርጋል። ከግንኙነቱ በኋላ ያልተያያዘውን ነጻ ዲኤንኤና ዲኤንኤ ያላገኘውን አንቲቦዲ ሁለቱንም ማስወገድ የግድ ነው፤ የመጀመሪያው ባዶውን ናሙና ከፍ ያደርጋል፣ ሁለተኛው ደግሞ አንቲጅኑን ይዞ ምልክት ሳይሰጥ ይቀራል። ይኸው ቻርጅ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ በአዮን ልውውጥ ኮለም ሦስቱን ለያይቶ ማውጣት ይቻላል። የዲኤንኤው ቅደም ተከተል ደግሞ በሰው ዘረመልም ሆነ በታወቁ ጀርሞች ውስጥ የማይገኝ ሰው ሠራሽ መሆን አለበት፤ በደም ናሙና ውስጥ የሰው ዲኤንኤ ሁልጊዜም አለና።

ለማያያዣነት የሚያገለግሉት ስትሬፕታቪዲን የተባለው ፕሮቲንና ባዮቲን የተባለው ቪታሚን በ10⁻¹⁴ ሞላር አካባቢ ባለ ጥንካሬ ስለሚያያዙ ለመጀመሪያ ሙከራ ምቹ ናቸው። ሆኖም ለፀጉርና ለጥፍር እየተባለ በከፍተኛ መጠን የሚወሰደው ባዮቲን በታማሚው ደም ውስጥ ሲገኝ ይህን ትስስር ስለሚሻማ ውጤትን ያዛባል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 በዚህ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ለታማሚ ደም የታሰበ መሣሪያ ስለሆነ በኮቫለንት (በቋሚ ኬሚካዊ) ትስስር እንዲሠሩ እመክራለሁ። ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው አለ፦ ሉፐስ የተባለው ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ያለባቸው ታማሚዎች ጥንድ ሰንሰለት ዲኤንኤን የሚይዙ አንቲቦዲዎች በደማቸው ውስጥ አሏቸው፤ በእነዚህ ሰዎች ናሙና የእርስዎ ዲኤንኤ ራሱ እንደ አንቲጅን ሊያዝ ይችላል። ሌሎች አንቲቦዲዎችን የሚይዘው ሩማቶይድ ፋክተር የተባለው አንቲቦዲም ሁለቱን አንቲቦዲዎች በጀርባቸው አያይዞ ፕሮቲን እንዳለ ሊያስመስል ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ የአንቲቦዲውን ግንድ አስወግዶ የመያዣ ክንዶቹን ብቻ መጠቀም ይረዳል። በሴረም ውስጥ ያሉ ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይሞች ለአጭር ቆይታ ብዙ ባይጎዱም፣ በበፈሩ (ናሙናው በሚቀላቀልበት የጨው መፍትሔ) ላይ ማግኒዥየምን የሚይዝ ኢዲቲኤ መጨመር ያግዳቸዋል፤ ፖሊመሬዙ ማግኒዥየም ስለሚፈልግ ግን በንባቡ ደረጃ መልሶ መጨመርን መርሳት አይገባም።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ ከቅርርብ ማራዘም ዘዴ እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ እጥበት አይፈልግም፣ ኤሌክትሮድ አይፈልግም፣ በማንኛውም የሪል ታይም ፒሲአር መሣሪያ ይነበባል። መጀመሪያ የፕሮቲኑን ሁለት የተለያዩ ቦታዎች እንደሚይዙ በሳንድዊች ኢላይዛ የተረጋገጡ ሁለት አንቲቦዲዎችን ያግኙና ኢላይዛውን በራስዎ እጅ ይድገሙት። በዚያ ያልሠራ ጥንድ ዲኤንኤ ስለተያያዘበት ብቻ ሊሠራ አይችልም። ቀጥሎ ሁለቱን አንቲቦዲዎች ከሰንሰለቶቹ ጋር ያያይዙና የጥምረት ርዝመቱን በ6፣ በ8፣ በ10 እና በ12 ቤዝ እየለዋወጡ ባዶውን ናሙና ብቻ ይለኩ። ይህን በበፈር ሳይሆን ከብዙ ጤነኛ ሰዎች በተቀላቀለ ሴረም ያድርጉት፤ በበፈር የተገኘ ውብ ኩርባ በሴረም ሲፈርስ ማየት የተለመደ ነው። ሦስት ማነጻጸሪያዎችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይያዙ፦ ፕሮቲን የሌለበት፣ ከሁለቱ አንቲቦዲዎች አንዱ ያንኑ ዲኤንኤ በተሸከመ ምንም በማይለይ አይጂጂ የተተካበት፣ እና ሰንሰለቶቹ ያለ አንቲቦዲ ብቻቸውን የገቡበት። ሁለተኛው ማነጻጸሪያ ከፍ ያለ ምልክት ከሰጠ ችግሩ ከዲኤንኤው ሳይሆን ከአንቲቦዲው መለጠፍ የመጣ ነው፤ ሦስተኛው ከፍ ካለ ደግሞ ጥምረቱ ረዝሟል ማለት ነው። የፒሲአር ውጤት ያለበትን ቱቦ ናሙና በሚዘጋጅበት ክፍል አይክፈቱ፤ በአየር የሚሄድ ጥቂት የተባዛ ዲኤንኤ የሳምንታት ሥራን ያበላሻልና ክፍሎቹና ፒፔቶቹ የተለዩ ይሁኑ።

ባዶው ናሙና በተለያዩ ቀናት ተረጋግቶ ከታየ በኋላ ብቻ የታወቀ መጠን ያለው ፕሮቲን በተለያዩ ግለሰቦች ሴረም ላይ ጨምረው ምን ያህሉ እንደሚመለስ ይለኩ። በ1 አቶሞላር ደረጃ መሥራት ከፈለጉ በ100 ማይክሮሊትር ውስጥ ያሉት 60 ሞለኪውሎች በአጋጣሚ ብቻ በ8 ያህል እንደሚለዋወጡ ያስቡ፤ መሣሪያዎ ምንም ያህል ቢሻሻል ይህ 13 በመቶ ያህል መዋዠቅ አይጠፋም፤ ሊቀንስ የሚችለው የናሙናውን መጠን በመጨመር ነው። ወደ ኤሌክትሮድ ወይም በእጅ ወደሚያዝ መሣሪያ መሸጋገሩን ከዚህ በኋላ ያስቡበት፤ በዚያን ጊዜ የሚቀየረው የንባቡ መንገድ ብቻ ይሆናል፤ አንቲቦዲዎቹና ያስተካከሉት የጥምረት ርዝመት እንዳሉ ይቀጥላሉ።